የብረት አቋሚው ካሳ፦ የሥራ ላይ ጉዳት ዋስትና ታሪክ በመርካቶ

የምሰሶና የማገር ብረትን ከፍ ባለ ቦታ አቁሞ በብሎንና በብየዳ ማያያዝ ከግንባታ ሙያዎች ሁሉ አደጋ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። ሥራው የሚሠራው ወለልም ግድግዳም ገና ሳይኖር ነው፤ ሠራተኛው የሚረግጠው ራሱ ወይም ባልደረባው ጥቂት ቀደም ብሎ ያሰረውን ብረት ነው። ስለዚህ የሥራ ላይ ጉዳት መድን የሚሸጡ ኩባንያዎች ሙያዎችን በአደጋቸው መጠን ሲመድቡ ብረት አቋሚውን ከላይኞቹ እርከኖች በአንዱ ያስቀምጡታል፤ አሠሪውም ለዚህ ሠራተኛ ከጸሐፊው ወይም ከመጋዘን ጠባቂው እጅግ የበለጠ ዓረቦን ይከፍላል። በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ፣ ሙያው ከገበያው ጋር አብሮ ያደገ ነው። በአደጋ መጠን የመመደቡና ዋስትና የመስጠቱ ልማድ ግን ዘግይቶ መጣ፤ ከመጣም በኋላ የደረሰው በመዝገብ ለተጻፈው ሠራተኛ ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጣሊያኖች ከተማዋን የአውሮፓውያንና የአገሬው ሰው ብለው ሲከፍሉ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። አዲስ ከተማ የተባለው ሰፈርና መርካቶ የተባለው ገበያ መልክ የያዙት ያን ጊዜ ነው። ከነጻነት በኋላ ገበያው አልተመለሰም፤ ይልቁንም እየሰፋ ሄዶ በየሸቀጡ ዓይነት ተራ በተራ ተደለደለ።

ብረት ወደዚህ ገበያ የገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው አዲስ ብረት ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ በእንስሳ ጀርባ ለማጓጓዝ የማይመቸው ቆርቆሮ፣ ድፍን ብረትና ቱቦ በብዛት መግባት ቻለ፤ በኋላም የቃሊቲና የአቃቂ ፋብሪካዎች በአገር ውስጥ የተመረተ ጨመሩበት። ሁለተኛው አሮጌው ብረት ነው። ምናለሽ ተራ የተባለው ክፍል ከመላው ከተማና ከክፍለ ሀገር የሚሰበሰብ ቁርጥራጭ ብረት፣ በርሜልና የተሽከርካሪ አካል ተቀጥቅጦ፣ ተቆርጦና ተበይዶ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። በእነዚህ ሱቆችና ጋራዦች መካከል ልምድ የቀሰመው ወጣት በያጅ ይሆናል፤ በያጁም በርና መስኮት ከመሥራት ወደ ጣሪያ፣ ወደ ደረጃ፣ ወደ መጋዘን ምሰሶ ይሸጋገራል። የመርካቶ ብረት አቋሚ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ይልቅ ከዚህ የወጣ ነው።

የሥራው ዓይነት ከአካባቢው ባሕርይ ይመነጫል። በመርካቶ ያሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአመዛኙ ከአርማታ የተሠሩ ናቸው፤ ብረት የሚቆመው የመጋዘን ጣሪያ ለመሸከም፣ በጠባብ ሱቅ ውስጥ ቆጥ ለመጨመር፣ በሁለት ሕንፃ መካከል መሸጋገሪያ ለመዘርጋት፣ በረንዳ ለማልበስ፣ ለሼዶች አጥንት ለማቆም ነው። ሥራው ትንሽ መምሰሉ አደጋውን አያሳንሰውም። ከአራት ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ሰው አከርካሪው ሊሰበር ወይም ሊሞት ይችላል። በመርካቶ ደግሞ ከፍታው ብቻውን አይመጣም። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ክሬን አይገባም፤ ብረቱ በገመድና በትከሻ ይወጣል። መወጣጫው ብዙ ጊዜ በምስማርና በሽቦ የተያያዘ ባሕር ዛፍ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በጣሪያው ጠርዝ ያልፋል፤ ረጅም ብረት የያዘ ሰው ዞር ሲል ሊነካው ይችላል። የብየዳው ብልጭታ ጨርቅ፣ ስፖንጅና ፕላስቲክ በተከመረበት መጋዘን ላይ ይረግፋል። ገበያው በሥራ ቀን ስለማይዘጋ፣ ከሥር ተሸካሚና ገዢ እየተላለፈ ከላይ ብረት ይበየዳል። እነዚህ ሁሉ አንድ መድን ሰጪ ስለ ሥራው ሲጠይቅ ሊጽፋቸው የሚገባ ነገሮች ናቸው፤ ለብዙ ዘመን ግን የሚጠይቅም የሚጽፍም አልነበረም።

ሕግና መድን ከመምጣታቸው በፊትም ቢሆን የወደቀው ሰው ፈጽሞ ብቻውን አልቀረም። መርካቶን የገነቡት ከጉራጌ፣ ከጋሞ፣ ከሸዋና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ሰዎች እድርንና የአገር ልጅ መረዳጃ ማኅበርን አጠናክረው ነበር። እድር መዋጮውን ሲሰበስብ አባሉ ብረት ይበይድ ወይም ቅመም ይሽጥ አይጠይቅም፤ መዋጮው ለሁሉም እኩል ነው፣ ክፍያውም እንዲሁ። ይህ ከመድን ስሌት ፍጹም የተለየ አሠራር ነው፤ አደጋ የበዛበትን ሰው አያስከፍለውም፣ አደጋውን ግን አይቆጥርለትም። ከዚህም በላይ እድር በዋናነት የሚደርሰው ለሞት ነው። ለቀብርና ለሐዘን ቀናት ወጪ ይበቃል፤ እግሩ ተቆርጦ ሠላሳ ዓመት ለሚኖር በያጅ የሚሆን ገንዘብ ግን ከዚያ ሣጥን አይወጣም። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው የሚሰጠው ነገር የአሠሪው ቸርነት፣ የዘመድ እጅና በየሱቁ የሚዞር የመዋጮ ወረቀት ሆኖ ቆየ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በሌላው ዓለም የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ መልክ ይዞ ነበር። ጀርመን በቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ የአደጋ መድንን ግዴታ አደረገች፤ አሠሪዎች በየኢንዱስትሪያቸው ተሰባስበው፣ አደጋ የሚበዛበት ዘርፍ የበለጠ እየከፈለ፣ ካሳውን በጋራ እንዲሸፍኑ ተደረገ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1897 ያወጣችው የሠራተኞች ካሳ ሕግ ሁሉንም ሠራተኛ አልሸፈነም፤ ባቡርን፣ ፋብሪካን፣ ማዕድንንና የመሳሰሉትን ዘርዝሮ፣ ከግንባታ ደግሞ ከ30 ጫማ በላይ ከፍታ ያላቸውንና በመወጣጫ የሚሠሩ ወይም የሚታደሱ ሕንፃዎችን ጨመረ። ሠላሳ ጫማ ከ9 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በዚያ ሕግ መሠረት በ8 ሜትር ጣሪያ ላይ የወደቀ ሰው ካሳ ሳያገኝ፣ በ10 ሜትር ላይ የወደቀው ያገኝ ነበር። ምደባ ማለት እንዲህ ነው፦ በወረቀት የተሰመረ መስመር የሰዎችን ዕጣ ይለያል፤ ስለዚህ መስመሩ የት እንደተሰመረ መመርመር ተገቢ ነው።

በአሜሪካ የብረት መዋቅር ጉዳይ ከመጀመሪያው በስም ተጠቅሷል። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው ሕግ ካሳ የግድ ከሚከፈልባቸው አደገኛ ሥራዎች መካከል የብረት አጥንት ያላቸውን ድልድዮችና ሕንፃዎች ማቆምና ማፍረስ ይገኝበታል። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉን እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1911 ሻረው፤ በማግስቱ በኒውዮርክ ከተማ የትሪያንግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የካሳ ሕግ በየግዛቱ ተስፋፋ፣ መድን ሰጪዎችም እያንዳንዱን ሙያ በቁጥር መለየት ጀመሩ። በዚህ አመዳደብ የብረት መዋቅር ማቆም ለብቻው የሥራ መደብ ሲኖረው፣ ከሁለት ፎቅ የማይበልጠው ሥራ ለረጅም ጊዜ ከረጃጅሙ ተለይቶ ይመደብ ነበር። ብረቱን በጋራዥ ውስጥ ቆርጦ ማዘጋጀት ደግሞ ሌላ መደብ ነው፤ ዓረቦኑም ያንሳል። አንድ ሠራተኛ ጠዋት በጋራዥ፣ ከሰዓት በጣሪያ ላይ ከዋለ ደመወዙን ለሁለት ከፍሎ ማስላት የሚቻለው አሠሪው ሰዓቱን ለይቶ ከመዘገበ ብቻ ነው፤ መዝገብ ከሌለ ሙሉ ደመወዙ በከፍተኛው መደብ ይሰላል። ይህ ደንብ ለመርካቶ እንግዳ የሆነ ነገር አይደለም። የምናለሽ ተራ በያጅ ኑሮ በትክክል እንዲህ ነው፦ ግማሽ ቀን መሬት፣ ግማሽ ቀን ማገር ላይ። የሌለው መዝገቡ ነው።

የስሌቱ አካሄድ ቀላል ነው። መድን ሰጪው የአሠሪውን ዓመታዊ የደመወዝ ድምር በየሙያው ከፋፍሎ ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ ሙያ የተወሰነ መቶኛ አለው፤ ደመወዙ በመቶኛው ተባዝቶ ዓረቦኑ ይወጣል። ዓመቱ ሲያልቅ የተከፈለው እውነተኛ ደመወዝ ተጣርቶ ልዩነቱ ይመለሳል ወይም ይጨመራል። የሁሉም ነገር መነሻ እንግዲህ የደመወዝ መዝገብ ነው። የመዘገበ አሠሪ ምደባ ያገኛል፤ በመዝገቡ የሌለ ሠራተኛ ግን ምንም ያህል ከፍታ ላይ ቢወጣ በስሌቱ ውስጥ የለም።

ኢትዮጵያ የሠራተኛን ደህንነት በዘመናዊ ሕግ መንካት የጀመረችው በ1936 ዓ.ም. በወጣው የፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 ነው። አዋጁ ስሙ እንደሚያሳየው ፋብሪካን ያየ ነው፤ በሱቅ ጣሪያ ላይ ያለውን ሰው አላሰበም። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1952 ዓ.ም. በወጡት ሁለት ሕጎች ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሥራ ውልን ደነገገ፤ በሥራ ምክንያት የሚደርስ አደጋንና በሽታንም የአሠሪው ኃላፊነት አደረገ። ከውል ውጭ ባለው ክፍሉም በተለይ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ የሚያካሂድ ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን አስቀመጠ። የንግድ ሕጉ ደግሞ የመድን ውልን ሥርዓት አስያዘ። አሠሪው የተጣለበትን ኃላፊነት ወደ መድን ኩባንያ የሚያሻግርበት ሕጋዊ ድልድይ ያኔ ተሠራ። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 የሠራተኛ ማኅበራትን ሕጋዊነት ሰጠ፤ በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 232 ዝቅተኛ የሥራ ሁኔታዎችን ደነገገ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግም ቆመ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ተመሳሳይ ሕግ እስኪወጣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ጠበቀ።

መድን በንግድነቱ ከዚህ ቀድሞ አገሪቱን ያውቃታል። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተቋቋመው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 የመድን ንግድን በፈቃድ ሥር ሲያስገባ 15 የአገር ውስጥ ኩባንያዎች ተመዘገቡ። የመርካቶ ነጋዴ መድንን የተዋወቀው በዚህ በር ነው፦ ከጅቡቲ ለሚመጣ ሸቀጥ፣ ለመኪና፣ ለመጋዘን። የመድን ትርጉም በነጋዴው አእምሮ ከዕቃ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ ይህም የሚያስወቅስ አይደለም፣ ምክንያቱም ባንክ ብድር ሲሰጥ የሚጠይቀውም የዕቃውን መድን ነው። የሰው ጉልበት መድን ግን ዋስትና ጠያቂ ባንክም አልነበረው፣ አስገዳጅ ደንብም አልነበረው።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ 13 የመድን ኩባንያዎችን ወረሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1968 ዓ.ም. በተቀራራቢ ጊዜ ሁለት አዋጆች ወጡ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 64 እና የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 68። የእነዚህ ሁሉ ድምር ውጤት በመርካቶ ላይ ግልጽ ነበር። ሱቆቹ የቀበሌና የኪራይ ቤቶች ሆኑ፤ የሱቁ ባለቤት ያልሆነ ነጋዴ አዲስ ሕንፃ አይገነባም፣ ያለውን ጣሪያ ይለጥፋል። ትልልቅ የብረት ሥራዎች ወደ መንግሥት የኮንስትራክሽን ድርጅቶች ሄዱ። በእነዚያ ድርጅቶች የተቀጠረው በያጅ ደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ነበር፣ ሲጎዳም የሚጠይቀው አካል ነበረው። በመርካቶ በግሉ የቀረው ደግሞ ሥራው አነስተኛ፣ ክፍያው በቁርጥ፣ አሠሪው ጊዜያዊ ነበር። ብረት ከሚያቆሙት መካከል ዋስትና ባለውና በሌለው መካከል የተሰመረው መስመር በዚህ ዘመን ጠለቀ። የአደጋው መጠን ከዚህ መስመር ጋር ዝምድና አልነበረውም፤ የለየው የቅጥሩ ዓይነት ነው።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የአሠሪና ሠራተኛውም የመድኑም ሕግ ተቀየረ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42 በ1985 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1996 ዓ.ም. በቁጥር 377፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ቁጥር 1156 ተተካ። የመድን ሥራን ለግል ባለሀብት የከፈተው አዋጅ ቁጥር 86 በ1986 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ አዋሽ፣ አፍሪካ፣ ኒያላ፣ ናይልና ሌሎችም ኩባንያዎች ገበያውን ተቀላቀሉ። የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ከመንግሥት ድርጅቱም ከግሎቹም የሚገዛ ሆነ።

የሥራ ላይ ጉዳት ሕጉ አቋም በሦስቱም አዋጆች ተመሳሳይ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ከዚህ ነጻ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ ነው። ለብረት አቋሚ በተለይ ከባዱ ሁለተኛው ነው። የደህንነት ቀበቶ ያልታጠቀ ሰው መመሪያ ጥሷል ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ቀበቶውን ማቅረብም፣ አጠቃቀሙን ማስተማርም የአሠሪው ግዴታ ነው። ቀበቶ ሳይሰጡ ቀበቶ አላጠለቀም ማለት ሕጉ የሚቀበለው መከላከያ አይደለም፤ መመሪያው በግልጽ መሰጠቱን የሚያሳይ ሰነድ በሌለበት ክርክሩ ወደ ምስክር ይሄዳል፣ ምስክሮቹ ደግሞ በማግሥቱ በዚያው ካቦ (የሠራተኞች አለቃ) ሥር ሥራ የሚፈልጉ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

ክፍያው በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ በያጅ ወድቆ ለአንድ ዓመት ሥራ ቢፈታ፣ ሕክምናው በአሠሪው ሆኖ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከደመወዙ 75 ከመቶ፣ ለቀሩት 6 ወራት 50 ከመቶ ይከፈለዋል፤ ይህም በዓመቱ 49,500 ብር ይሆናል። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የሕክምና ቦርድ የአካል ጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል። ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል የዓመት ደመወዙን 5 እጥፍ፣ ማለትም 360,000 ብር ያገኛል፤ ጉዳቱ 30 ከመቶ ከተባለ 108,000 ብር። ቢሞት በዚሁ ስሌት የሚገኘው ገንዘብ ለጥገኞቹ ይከፋፈላል፦ ለሚስት ወይም ለባል 50 ከመቶ፣ ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ 10 ከመቶ፣ ሟቹ ይረዳቸው ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10 ከመቶ። ለማጅ ከሆነ ካሳው የሚሰላው ሙያውን ጨርሶ ቢሆን ያገኝ በነበረው ደመወዝ ነው፤ ይህ በምናለሽ ተራ ዙሪያ ላሉት ወጣት ረዳቶች ከሁሉ የሚጠቅም አንቀጽ ነው፣ ምክንያቱም ረዳቱ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ የምሳና የትራንስፖርት ያህል ነው።

ይህ ሁሉ ግን አሠሪና ሠራተኛ መኖራቸውን ይጠይቃል። አዋጁ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት በዋጋ ሥራ የሚሠራን ሰው ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል። በመርካቶ ጣሪያ ሲቀየር ነጋዴው ከአንድ በያጅ ጋር በቁርጥ ዋጋ ይስማማል፤ በያጁ ሁለት ሦስት ረዳት ይዞ ይመጣል፤ ብረቱን የሚያወጡ የቀን ሠራተኞችን ካቦው ከአደባባይ ይጠራል። ጉዳት ሲደርስ ነጋዴው በያጁን ተቋራጭ ነው ይላል፣ በያጁ ሥራው የነጋዴው ነው ይላል፣ የቀን ሠራተኛው ደግሞ የማን ተቀጣሪ እንደነበረ ማስረዳት ያቅተዋል። በትልልቅ ሕንፃዎችም ቢሆን ከባለቤት ወደ ሥራ ተቋራጭ፣ ከተቋራጭ ወደ ንዑስ ተቋራጭ፣ ከዚያ ወደ ካቦ የሚወርደው ሰንሰለት ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። ሕጉ ለብረት አቋሚው የሚገባውን አስቀምጧል፤ ሕጉ የቆመበት የቅጥር ግንኙነት ግን በሙያው ውስጥ ሳስቷል። የችግሩ ሥር የካሳው ማነስ ሳይሆን ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የከተማው አስተዳደር መርካቶን መልሶ ለማልማት ነጋዴዎችን በአክሲዮን ማኅበር እያደራጀ ባለ ብዙ ፎቅ እንዲገነቡ ሲገፋ መድን በሌላ በር ገባ። በባንክ ብድርና በመደበኛ ውል የሚሠራ ሕንፃ የግንባታ ውል ይኖረዋል። በኢትዮጵያ የሚሠራባቸው መደበኛ የግንባታ ውል ሁኔታዎች፣ የፊዲክን (የዓለም አቀፉን የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቅጽ ተከትለው፣ ተቋራጩ ሥራውንም ሠራተኞቹንም መድን እንዲያስገባ ያዛሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጠር ስሕተት አለ። የሥራ ተቋራጮች የሁሉም አደጋ መድን እና የተከላ የሁሉም አደጋ መድን የሚባሉት ውሎች የሚሸፍኑት ሥራውን ራሱንና በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስ ጉዳትን ነው። የመጀመሪያው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1929 በለንደን ለላምቤት ድልድይ ሥራ ከተገዛው ውል እንደሚጀምር ይነገራል፤ የብረት መዋቅር ማቆም በተለይ በሁለተኛው ሥር ይወድቃል። ሁለቱም የተቋራጩን የራሱን ሠራተኞች በግልጽ ያስቀራሉ። የተተከለው ብረት ቢወድቅ ብረቱ ይከፈላል፣ ከሥር የሚያልፈው ገዢ ቢጎዳ ይከፈላል፤ ከብረቱ ጋር የወደቀው ብረት አቋሚ ግን የሚከፈለው የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ለብቻው ከተገዛለት ነው። አንድ ተቋራጭ ሙሉ መድን አለኝ ሲል የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

የሠራተኞች ካሳ መድን ሲገዛ የሚሞላው ቅጽ የሙያ ምደባ በአገሪቱ የሚገኝበት ዋና ቦታ ነው። ቅጹ የሥራውን ዓይነት፣ በየሙያው የሠራተኛውን ብዛትና ዓመታዊ ደመወዝ፣ የሚጠቀሙበትን ማሽን፣ ሥራው በከፍታ ላይ ወይም ከመሬት በታች መሆኑን ይጠይቃል። እንደ አሜሪካ ለሁሉም ኩባንያ የሚሠራ የሙያ ቁጥር ሰንጠረዥ የለም፤ እያንዳንዱ መድን ሰጪ በራሱ መለኪያ ይመዝናል። ስለዚህ አሠሪው በያጆቹን ጠቅልሎ ጉልበት ሠራተኛ ብሎ ቢጽፋቸው ዓረቦኑ ይቀንስለታል። ጉዳት ሲደርስ ግን የንግድ ሕጉ መድን ገቢው ስለ አደጋው የሚያውቀውን በእውነት የመግለጽ ግዴታ አለበት ይላል፤ የተሳሳተ መግለጫ ሽፋኑን ያስነሳል ወይም ያሳንሳል። ደመወዝንም አሳንሶ መጻፍ እንዲሁ ነው፦ ዓረቦኑን ያሳንሳል፣ ካሳውም በዚያው ደመወዝ ስለሚሰላ የሠራተኛውን እጅ ያጎድላል።

መንግሥት በበኩሉ ሕንፃን ለመመደብ አልዘገየም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ በመጀመሪያው፣ ርቀቱ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ያለው በሁለተኛው፣ ሕዝብ የሚገለገልበት፣ ፋብሪካ ወይም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በሦስተኛው እንዲወድቅ አደረገ። ምድቡ ከፍ ባለ መጠን ንድፉን የሚሠራው ባለሙያና የሚገነባው ተቋራጭ ደረጃም ከፍ ይላል። መስመሮቹ ለሕንፃው ጥንካሬ የተሰመሩ ናቸው፤ ለሚያቆመው ሰው አደጋ መለኪያ ሊሆኑም ይችሉ ነበር፣ 7 ሜትር የሚዘልቅ ብረት ለማንሳት ከ4 ሜትሩ የበለጠ ሰውና ጥንቃቄ ይጠይቃልና። ሁለቱ ምደባዎች ግን አልተገናኙም። የመርካቶ የሱቅ ቆጥና የጣሪያ ቅያሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛው ምድብ ወይም ከፈቃድ ውጭ ስለሚሆን፣ አደጋው በሚበዛበት ሥራ ላይ የሚያርፈው የተቆጣጣሪ ዓይን ያነሰ ነው።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 የጉዳት ዋስትናን ለመጀመሪያ ጊዜ በመላ አገሪቱ ለግል ሠራተኛ አደረሰ። መዋጮው ከአሠሪው 7፣ ከሠራተኛው 5 ከመቶ ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 11 እና 7 ከመቶ አደገ። በሥራ ላይ ከ10 ከመቶ ያላነሰ ጉዳት ደርሶበት መሥራት ያቃተው ሠራተኛ የደመወዙን 47 ከመቶ በየወሩ በጉዳት ጡረታነት ያገኛል፤ ጉዳቱ ሥራ ያላስተወው ደግሞ በዚሁ መቶኛ ተሰልቶ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። ለወደቀው ብረት አቋሚ ወርኃዊ ጡረታ ከአንድ ጊዜ ክፍያ የተሻለ ነው፤ የአምስት ዓመት ደመወዝ ቶሎ ያልቃል፣ ጡረታ ግን ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። መዋጮው ግን እንደ እድር ለሁሉም አንድ ነው። ብረት የሚያቆም ድርጅትና የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ቢሮ ከደመወዝ እኩል መቶኛ ያዋጣሉ። ይህ አደገኛውን ሙያ በሌሎች መዋጮ ስለሚደግፍ ፍትሐዊ ነው ሊባል ይችላል፤ ቀበቶና መረብ ያቀረበውን አሠሪ ካላቀረበው የሚለይበት መንገድ ስለሌለው ግን ጥንቃቄን በገንዘብ አያበረታታም። በጀርመንም በአሜሪካም ምደባ የተፈጠረው ለዚህ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 715 በ2014 ዓ.ም. በቁጥር 1268 ተተክቷል። የቀድሞው አዋጅ ኢመደበኛ በሆነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው በጡረታ ዐቅድ እንዲታቀፉ በር ከፍቶ ነበር። በምናለሽ ተራ በራሱ መበየጃ የሚሠራው፣ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ውጭ የሚቀረው በያጅ በስም ሊገባበት የሚችል የመጀመሪያው የጉዳት ዋስትና ይህ ነበር። መግቢያው ግን የተረጋገጠ ወርኃዊ ገቢና የአሠሪውንም የሠራተኛውንም ድርሻ ብቻውን የሚሸፍን መዋጮ ይጠይቅ ነበር፤ ገቢው በክረምት የሚወርድ፣ ሥራ ሲገኝ ደግሞ በአንድ ሳምንት የወር ያህል የሚያገኝ ሰው ይህን በየወሩ ማሟላት ይከብደዋል።